ስልክ የማይደውለው ሰውዬ

«እኔ፣ ዳንኤል ብሌክ» የተባለው የእንግሊዝ ፊልም የሚጀምረው ያለ ምስል ነው። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንዲት ሴት ትጠይቃለች፤ አንድ ጎልማሳ ይመልሳል። ኮፍያ እንደሚያደርግ ሰው ክንድዎን ወደ ራስዎ ማንሳት ይችላሉ? የስልክ ቁልፍ መጫን ይችላሉ? ከዚያ ወደ ሆድ ዕቃና ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወርድ ጥያቄ ይመጣል። ሰውየው መጀመሪያ በትዕግሥት፣ ቀጥሎ በቀልድ፣ በመጨረሻ በንዴት፣ እጅ እግሬስ ደህና ነው፣ የታመመው ልቤ ነው፣ ስለሱ እናውራ ይላል። ሴትዮዋ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ትሄዳለች።

ተመልካች እዚህ ላይ መሳቁ አይቀርም። ዳይሬክተሩ ኬን ሎች ለዋናው ሚና የመረጠው ዴቭ ጆንስ መድረክ ላይ ሰው ማሳቅ ሥራው የነበረ ሰው ነውና ቀልዱን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። ጥያቄዎቹ ግን የጸሐፊው የፖል ላቨርቲ ፈጠራ አይደሉም። ሕጉ ውስጥ አሉ። እንግሊዞች በ2008 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ) «የሥራና የድጋፍ አበል» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ክፍያ ሲያቋቁሙ፣ ታምሜ መሥራት አልቻልኩም የሚለውን ሰው የሚለኩበት የነጥብ ሰንጠረዥም አብረው አወጡ። አሥራ ሰባት ተግባራት አሉ። አሥሩ የአካል፣ ሰባቱ የአእምሮ ናቸው። አሥራ አምስት ነጥብ የሞላ አበሉን ያገኛል፤ ያልሞላ «ለሥራ ብቁ» ይባላል። አንዱንም ክንድ እስከ ኮት የላይ ኪስ ድረስ ማንሳት ያልቻለ በአንድ ጊዜ አሥራ አምስት ይሞላለታል። እስከ ኮት ኪስ ደርሶ እስከ ኮፍያ ካልደረሰ ግን ዘጠኝ ነው። በኪስና በኮፍያ መካከል ያለችው ስንዝር የአንድ ቤት ኪራይና ቀለብ ነች ማለት ነው።

ዳንኤል ብሌክ ኒውካስል የሚኖር የ59 ዓመት አናጢ ነው። ሚስቱን አስታሞ ቀብሯል፤ ልጅ የለውም። ሥራ ላይ እያለ ልቡ ያዘውና ከመወጣጫ ሊወድቅ ደረሰ። ሐኪሞቹ ለጊዜው ሥራ እንዳትነካ ብለውታል። ምዘናው አሥራ ሁለት ነጥብ ሰጠው። አበሉ ቆመ። ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ እጁን የሚያነሳ፣ ሰዓት መሙላት የሚችል ሰው ነዋ! ልብ የምትባለው ነገር ሰንጠረዡ ውስጥ የራሷ ረድፍ የላትም።

ብዙ ሰው የመንግሥት የሕመም ወይም የአካል ጉዳት አበል የሚቆመው ሰውየው ሲድን ነው ብሎ ያስባል። እውነቱ ከዚህ ይርቃል። በዚያ በእንግሊዙ አበል ሕግ፣ በፖስታ የተላከ መጠይቅ በአራት ሳምንት ውስጥ ሞልቶ ያልመለሰ፣ በቂ ምክንያት ካላቀረበ ይቆምበታል። ለምዘና ተጠርቶ የቀረም እንደዚያው። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ሌላ መጣ። ሲሠራ መዋጮ ከፍሎ አበሉን ያገኘ፣ መሥራት እንደማይችልም መንግሥት ራሱ ያመነለት፣ ነገር ግን «ቀስ በቀስ ለሥራ ይዘጋጅ» ከተባሉት ወገን የተመደበ ሰው በ365ኛው ቀን ይቆምበታል። ዳነ አልዳነ የሚጠይቀው የለም፤ የሚቆጥረው ካላንደሩ ነው።

ከአገር መውጣትም አለ፤ ይሄ የኛን ሰዎች ይነካል። የተለመደው ጣሪያ አራት ሳምንት ነበር። ለንደን የሚኖር ሕመምተኛ እናቱ ሞታ አገር ቤት ቢመጣ፣ ሠልስቷን አድርሶ፣ አርባዋን አውጥቶ ልመለስ ቢል ሃያ ስምንተኛው ቀን ላይ ሕጉ ጥሎት ይሄዳል። አሜሪካኖቹ ለድሃ አካል ጉዳተኞችና አዛውንቶች የሚሰጡት ኤስኤስአይም ሠላሳ ቀን በተከታታይ ከአገር ውጪ ለቆየ ሰው ይቆማል፤ እንደገና እንዲጀመርለትም ተመልሶ ሠላሳ ቀን እዚያው መቀመጥ አለበት። አርባ ቀን የሚባል ሐዘን መኖሩን ያወቀ ሕግ አውጪ ያለ አይመስልም። (ፍርድ አልጓድል፤ የእንግሊዙን አበል ለአብዛኛው ሰው የተካው ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚፈቅደው አንድ ወር ቢሆንም፣ የቅርብ ዘመድ ለሞተበት አንድ ወር ሊጨምር ይችላል። ዘግይቶም ቢሆን የደረሰ ነገር አለ።)

ወደ ፊልሙ። እኔን ይህን ፊልም ደጋግሜ እንዳየው ያደረገኝ ማንም ሲያወራለት የማልሰማው ገጸ ባሕርይ ነው። ስሙ «ውሳኔ ሰጪው» ይባላል። የሹመት ስሙ ነው፤ ሕጉም ደብዳቤውም እንዲህ ነው የሚጠሩት። ዳንኤል ደብዳቤ ደርሶት፣ ለጉድ ጊዜ ስልክ ላይ ሙዚቃ ሲሰማ ቆይቶ፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ሲያነሳለት ምን ይባላል? ደብዳቤው ቀድሞ መድረሱ ስህተት ነው፤ መጀመሪያ ውሳኔ ሰጪው ሊደውልልዎ ይገባ ነበር። ታዲያ ይደውልልኝ። ይደውልልዎታል። መቼ? አይታወቅም። ሳይደውል ይግባኝ ማለት ይቻላል? አይቻልም፤ መጀመሪያ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ይደወልልዎታል፣ ከዚያ ነው ይግባኝ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር መድረክ ላይ ስለማይወጡ ገጸ ባሕርያት አንድ ክፍለ ጊዜ ይኖረኝ ነበር። የቤኬት ጎዶ አለ፤ ይመጣል ይባላል፣ አይመጣም። የካፍካ ባለሥልጣናት አሉ፤ ግንብ ውስጥ ናቸው፣ መንገዱ አያደርስም። ተማሪዎቼ እነዚህን ሲያነቡ «ረቂቅ ነው» ይሉኝ ነበር። ምኑ ነው ረቂቁ? የኛ ሰው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር እየሰማ ያደገ ነው። ልዩነቱ የኛው ኃላፊ ማምሻውን ከስብሰባ ሲወጣ በር ላይ ሊያዝ ይችላል፤ መኪናው ይታወቃል፤ ሚስቱ የማን እህት እንደሆነች ይታወቃል። የዳንኤል ብሌክ ውሳኔ ሰጪ ግን ፊት የለውም። ፊልሙ መቶ ደቂቃ ያህል ይሄዳል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዴም አይታይም። ሎችና ላቨርቲ ይህን ጨዋታ አስበው ይሥሩት ወይም ቢሮክራሲው ራሱ ጽፎ ይስጣቸው ለኔ ለውጥ የለውም። ፊልሙ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የተዋጣ ነገር የለም።

ምክንያቱም የዳንኤል መከራ የሚመጣው ከውሳኔው ሳይሆን ከጥበቃው ነው። ይህን ለማየት የሕጉን አንድ ቀዳዳ ማወቅ ያስፈልጋል። እስከ 2013 ድረስ አበሉ የቆመበት ሰው በቀጥታ ይግባኝ ሲል፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ዝቅ ያለ ክፍያ ይሰጠው ነበር። በ2013 መጨረሻ «መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ውሳኔውን እንደገና ይየው» የሚል ደረጃ ተጨመረ። ይህ ደረጃ እስኪያልፍ ክፍያ የለም። የሚያልቅበት ቀንም አልተወሰነም። ሰውየው ያለ ገንዘብ የሚጠብቀው ስልክ ይሄ ነው። ፊልሙ ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ እያሉ ሊከፈላቸው ይገባ የነበሩ ሰዎችን ያለ ገንዘብ በዚህ ደረጃ ማሳለፍ ከሕግ ውጪ ነው ብሎ ፈረደ። ፊልሙ የቆመበት ቀዳዳ ሕገ ወጥ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። «የተጋነነ ነው» ላሉት ሁሉ የምሰጠው መልስ ይሄው ነው።

ያሉትም ብዙ ናቸው። ምዘናውንና ቅጣቱን ያጠነከረው የቀድሞው ሚኒስትር ኢያን ዱንካን ስሚዝ ፊልሙን ተቸ። በወቅቱ ቦታውን የያዘው ዴሚያን ግሪን ደግሞ ፊልሙን ሳያይ ኮነነው፤ አለማየቱንም አልደበቀም። ሳያዩ መወሰን የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ነው መሰል።

እስከዚያው ዳንኤል ምን ይብላ? የሥራ ፈላጊ አበል ማመልከት ይችላል። ለዚያ ግን ለሥራ ዝግጁ ነኝ ብሎ መፈረም፣ በሳምንት ሠላሳ አምስት ሰዓት ሥራ መፈለግ፣ መፈለጉንም ማስረዳት አለበት። አንዱ መሥሪያ ቤት፣ አንዱ ጣሪያ ሥር፣ «ሐኪሜ ከለከለኝ» ሲል አያምነውም፤ «እሠራለሁ» ብሎ ሲዋሽ ያምነዋል። ዳንኤል በእጁ የጻፈውን የሥራ ታሪኩን ይዞ በየበሩ ይዞራል። አንድ ባለ ንግድ ወረቀቱን አይቶ ይደሰታል፤ እንዲህ ያለ የእጅ ባለሙያ ከየት ይገኛል! ና ሥራ ይለዋል። ዳንኤል አልችልም፣ ታምሜያለሁ ማለት ግድ ይሆንበታል። ሰውየው ይናደዳል። ታዲያ ለምን ጊዜዬን ታባክናለህ? ሥራ አልወድም ማለትህ ነው፣ አበል መብላት ነው የፈለግከው። ዕድሜውን ሙሉ በመዶሻ የኖረ ሰው ሰነፍና አጭበርባሪ ተባለ፤ ያሉትን የሚያስመስለው ደግሞ መንግሥት አስገድዶ ያስጫወተው ድራማ ነው። ቀረጻው ቀላል ነው፤ ሙዚቃ የለው፣ ካሜራው አይቅበጠበጥ። ለኔ ከሁሉም በላይ ይህ ትዕይንት ይበልጣል።

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሌላውን ነው። ኬቲ የምትባል ሁለት ልጆች ያሏት ወጣት (ሄይሊ ስኳየርስ ትጫወታለች) ለንደን ቤት ጠፍቶ ወደማታውቀው ኒውካስል ተልካለች። ለቀጠሮ ትንሽ ዘግይታ በመድረሷ ብቻ ተቀጥታለች። ለችግረኞች ምግብ በሚታደልበት ቦታ ቆማ፣ ረሀቡ በድንገት ሲያሸንፋት የታሸገ ቆርቆሮ ከፍታ በእጇ ትበላለች። ከዚያ ታፍራለች። ስለዚህ ትዕይንት ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። እናት ለልጆቿ አጉርሳ እኔ ጠግቤያለሁ ስትል አይተን ያደግን ሰዎች ለማንም ማስረዳት አያስፈልገንም።

እንግዲህ አሁን ወደማይስማማኝ ነገር ልምጣ።

ዳንኤል በጣም ጥሩ ሰው ነው። አይጠጣም፣ አይሰርቅም፣ የጎረቤቱን ልጆች መጻሕፍት መደርደሪያ ሠርቶ ይሰጣል፣ የታመመች ሚስቱን እስከ መጨረሻ አስታሟል፣ ቀጠሮ አያሳልፍም። ሕመሙም የሚከበር ሕመም ነው፤ ልብ! ማንም ልቡን በታመመ አናጢ አይጨክንም። ፊልሙ ይህን በማድረጉ አሸናፊ ሆኖ ወጥቷል፤ ካን ላይ የ2016ን የወርቅ ዘንባባ ወስዷል። ግን በዚያው ልክ ጥያቄውን አቅልሎታል። «ይሄን የመሰለ ሰው እንዴት ይቆምበታል?» ብለን ስንወጣ፣ ሳናውቀው «ይሄን ያልመሰለ ሰው ቢቆምበት ግን…» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለባላጋራው አጽፈነዋል።

ያልመሰለው ማነው? ድባቴ ይዞት ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ የዋለ፣ ፖስታ መክፈት የሚያስፈራው፣ መጠይቁን ትራሱ ሥር ከትቶ የረሳው ሰው ነው። ለምዘና ተጠርቶ የቀረው ሰው ነው። ለምን ቀረህ ሲባል በቂ ምክንያት ማቅረብ የማይችለው፣ ምክንያቱን ማቅረብ አለመቻሉ ራሱ ሕመሙ የሆነው ሰው ነው። የሚጠጣው ነው። ሰው የሚሳደበው ነው። ሕጉ በጣም የሚጨክነው እነዚህ ላይ ነው፤ ነጥብ እንኳ ሳይቆጠርላቸው ነው የሚወጡት። አንድ ፊልም ስለነሱ ተሠርቶ ተመልካች ሳይወዳቸው «ቢሆንም ሊቆምባቸው አይገባም» ብሎ ቢወጣ፣ ያን ፊልም ከዳንኤል ብሌክ አስበልጠው ነበር።

ይሄ ለእንግሊዞች ብቻ የተወረወረ እንዳይመስላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሳንቲም ስንመዘን እናውቀዋለን። «ይሄ ጎረምሳ ሠርቶ አይበላም? ምኑን ታሞ ነው?» እግሩ የተቆረጠው ያገኛል፤ ቁስሉ የሚታየው ያገኛል፤ ውስጡ የተሰበረው፣ ሲያዩት ደህና የሚመስለው ግን ምክር ነው የሚሰጠው። የኮትና የኮፍያ ሰንጠረዥ እኛም በልባችን አለን፤ አልታተመም እንጂ።

ከአገራችን ጉዳይ የታተመም አለ። በ2005 በተጀመረው በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የገጠሩ ድሃ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ይከፈለዋል፤ ጉልበት የሌለው፣ አዛውንቱና አካል ጉዳተኛው «ቀጥተኛ ድጋፍ» ያገኛል። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚለየው ቀበሌውና ኅብረተሰቡ ነው። እዚህ ውሳኔ ሰጪው አይደበቅም፤ ጎረቤት ነው። ፊት አለው። ፊት ያለው ደግሞ ዘመድም አለው፣ ቂምም አለው። የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ ስሙን ከማላውቀው ይልቅ ስሙን የማውቀው ይሻለኛል፤ ቢያንስ ሽማግሌ ይላክበታል። እኔን የሚከነክነኝ ቋንቋው ነው። መሥራት የሚችለው ቤተሰብ እርዳታው ሲያበቃ «ተመረቀ» ይባላል። ምረቃ! ጋዋን የለ፣ ቆብ የለ። እንግሊዞቹም ገንዘቡን ሲያቆሙ «ብቁ ሆነሃል» ነው የሚሉት። የትም አገር ቢሆን ከድሃ ላይ ገንዘብ ሲወሰድ የእንኳን ደስ ያለህ ቃል ይፈለግለታል።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። ሕጉ ራሱ ዳንኤልን የሚያድን በር ነበረው። አሥራ አምስት ነጥብ ባይሞላም እንኳ፣ ለሥራ ብቁ ነህ መባሉ በጤናው ላይ ከባድ አደጋ የሚያመጣበት ሰው እንዳልቻለ ይቆጠር የሚል አንቀጽ አለ። ለልብ ሕመምተኛ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ፊልሙ ይህን በር ስሙን ጠርቶ አያሳየንም፤ በመጨረሻ ብቻ፣ የይግባኙ ቀን፣ ጉዳዩን የያዘለት ሰው ታሸንፋለህ ሲለው ፍንጩን እናያለን። ቢያሳየን ኖሮ ነገሩ የበለጠ ይመር ነበር። ሕጉ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ ሕጉን እስከዚያ አንቀጽ ድረስ የሚያነብለት ሰው ስላጣ ነው የጠፋው። በእንግሊዝ በዚያ ዘመን ይግባኝ ካሉት ከግማሽ በላይ ያሸንፉ ነበር። ይግባኝ ያላሉትን ማን ይቁጠራቸው?

የመጨረሻዋን ክፍል ታውቁታላችሁ፤ ላላያችሁም ብናገር ፊልሙ አይበላሽም። ዳንኤል ችሎት ሊገባ ደቂቃዎች ሲቀሩት መጸዳጃ ቤት ይገባል፤ ልቡ እዚያ ትቆማለች። ማልቀስ የወደደ አልቅሷል። እኔ ቅር ያለኝ መሞቱ አይደለም። ሰው በዚህ ይሞታል ወይ ለሚለው፣ የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ በ2015 ተገዶ ባወጣው አኃዝ ከዲሴምበር 2011 እስከ ፌብሯሪ 2014 ድረስ ለሥራ ብቁ ናችሁ ተብለው አበላቸው ካበቃ ሰዎች 2,380ዎቹ ሞተዋል። በአበሉ መቆም ነው የሞቱት ማለት እንዳልሆነ መሥሪያ ቤቱ አስረድቷል፤ ትክክል ነው፣ አኃዙ ብቻውን ይህን አይልም። የሚለው ግን «ብቁ» የተባሉት መካከል ሞት አጠገባቸው የደረሰ ሰዎች እንደነበሩ ነው። ለዚህ ደግሞ የሰዓት ደወል መሙላት መቻል አለመቻል ምስክር ሊሆን አይችልም።

ቅር ያለኝ ሞቱ ችሎቱን መቅደሙ ነው። ዳንኤል በሕይወት ገብቶ፣ አሸንፎ፣ የወራት ውዝፉን ተቀብሎ ቢወጣስ? የሸጠው የቤት ዕቃ አይመለስም። ግድግዳ ላይ በቀለም ስሙን ጽፎ ፖሊስ የወሰደው ቀን አይፋቅም። ኬቲ የሄደችበት መንገድ አይመለስም። ያ ድል ከሞቱ የከፋ ያም ነበር። ሞት ጉዳዩን ይዘጋል፤ ሎች ደግሞ መዝጋት ይወዳል። ሐምሳ ዓመት ቀድሞ፣ በ1966፣ ስለ ቤት አልባ ቤተሰብ ለቢቢሲ በሠራት «ካቲ፣ ወደ ቤት ነይ» ውስጥ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ አልገደላትም፤ እናቲቱን ባቡር ጣቢያ አስቀምጦ ልጆቿን ወሰደባት፣ እሷንም እዚያው ተዋት። ያቺ እናት አሁንም እዚያ ያለች ይመስለኛል።

ዴቭ ጆንስ ታሪኩን በ2023 ወደ ቴያትር መልሶ ኒውካስል ላይ አስመድርኮታል። ምዘናውም አለ። በ2025 የእንግሊዝ መንግሥት ይህን የብቃት ምዘና በ2028 አስቀረዋለሁ ብሎ ዕቅድ አቅርቧል። እሱ ሲቀር ዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ ለሕመምተኛ የሚጨመረውን ገንዘብ የሚወስነው ፒአይፒ የተባለው የሌላኛው አበል ምዘና ይሆናል ተብሎ ታስቧል። እሱም ነጥብ ነው የሚቆጥረው፤ ምግብ ማብሰል፣ መታጠብ፣ መልበስ ይችላሉ ወይ እያለ ይጠይቃል። መሥራት ይችላሉ ወይ ብሎ ግን አይጠይቅም።